እርጎው ተኝቷል

ቤቱ ውስጥ እርጎ ለመሥራት ያሰበ ሰው ከወተቱ ጥራት በፊት የቤተሰቡን ብዛት ማጣራት አለበት። ወተት ቢጎድል ይገዛል፤ እርሾ ቢጠፋ ከጎረቤት ይለመናል፤ ክዳን ለሚከፍት እጅ ግን እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም። ወተት እርጎ እስኪሆን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይነካ፣ ሳይነቀነቅ፣ ሳይጎበኝ መቀመጥ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ያልነካነው ነገር የሚሆን አይመስለንም። ወጥ እናማስላለን፣ የሚቆላ ቡና እናገላብጣለን፣ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሾፌሩን «በዚህ ታጠፍ፣ በዚያ ውጣ» እንላለን፣ ደህና የተኛ ሕፃን ላይ አጎንብሰን «ተኝቷል እንዴ?» እያልን እንቀሰቅሳለን። እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል አንድ ድስት ወተት «እባካችሁ ተዉኝ» ቢል ማን ይሰማዋል?

እኛ ቤት የእርጎው ሥራ የኔ ነው። ባለቤቴ የእንጀራውን እርሾ ታስተዳድራለች፣ እኔ የወተቱን። ሁለት ባለሥልጣን፣ ሁለት እርሾ፣ አንድ መደርደሪያ፤ ድንበሩ እስካሁን በሰላም ተከብሯል። አስቸጋሪዎቹ ሌሎቹ ናቸው። ልጄ ስልኩ ላይ ደወል ሞልቶ በየግማሽ ሰዓቱ ክዳኑን ያነሣል፤ «እየረጋ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው» ይላል። ታናሽ እህቱ ማረጋገጫዋ በጣት ነው። ባለቤቴ በበኩሏ ክዳን አትከፍትም፤ ድስቱን ወዝወዝ አድርጋ «ገና ነው» ብላ ታልፋለች። ከሦስቱም የከፋው ይህ ነው።

ወተት ሲረጋ የሚሆነው ነገር በዓይን አይታይም እንጂ ትልቅ ሥራ ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር እየበሉ አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ እየበረታ ሄዶ ፒኤች የሚባለው ልኬት ወደ 4.6 ሲወርድ፣ ኬዝን የተባለው የወተት ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዝና ውኃውንም ቅባቱንም በመረቡ ውስጥ ይይዛል። መረቡ ሲጀመር በጣም ስስ ነው። በዚያ ሰዓት «ገና ነው» እያለ የወዘወዘ ሰው መረቡን በጣጥሶታል፤ የተበጠሰው ደግሞ አይቀጠልም። ጠዋት ክዳኑ ሲነሣ ከላይ አረንጓዴ መሰል ውኃ ተኝቶ፣ ከታች የተቆራረጠ ነገር ይገኛል። ከዚያም «ወተቱ ውኃ ነበረው» ይባልና ባለ ወተቷ ይታማሉ።

ባለ ወተቷ ሁልጊዜ በሐሰት ይታማሉ ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ወተት የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ከሱቅ በግማሽ ሊትር ላስቲክ የታሸገውን መግዛት፣ ወይ ላም ያለው ደንበኛ መያዝ። ደንበኛ የያዘ ሰው ትኩስ ወተት ያገኛል፣ ከነጥርጣሬው። ላክቶሜትር የምትባል በወተት ላይ የምትንሳፈፍ መለኪያ አለች፤ ወተት ከውኃ ትንሽ ስለሚከብድ ጥሩ ወተት ላይ ከፍ ብላ ትቆማለች፣ ውኃ የገባበት ላይ ዝቅ ትላለች። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን እሷን ገዝተው ደጃፋቸው ላይ መለካት ጀመሩ። ባለ ወተቷ መለኪያዋ ስትሰጥም ቆመው አዩና «ጌታዬ፣ ላሟ ትናንት ብዙ ውኃ ጠጥታ ነው» አሉ። ጡረተኛው አሸተቱት። «የጠጣችው የቧንቧ ነው መሰለኝ» አሉ፤ «ክሎሪን ክሎሪን ይላል።»

የላስቲኩ ወተት ሌላ ጠባይ አለው። ፋብሪካ ውስጥ 72 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ሰከንድ ያህል አይቶ ስለሚወጣ፣ ከላሟ አብሮት የመጣው ባክቴሪያ አብዛኛው ቀርቷል። ጥሬ ወተት ዝም ብለው ቢያስቀምጡት በራሱ ይረጋል፤ የላስቲኩን ዝም ብለው ቢያስቀምጡት ይበላሻል። አክስቴ ይህን አታምንም ነበር። በእናቷ ደንብ አስቀምጣው ቀን ጠበቀች፣ ሁለተኛ ቀን ጠበቀች፤ ሲመር ጊዜ «የዛሬ ወተት ወኔ የለውም» ብላ ደፋችው።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ የወኔያሙ ወተት ወገን ናቸው። አገራቸው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። እዚያ ወተት አይፈላም፣ እርሾም ከሱቅ አይገዛም። በግራዋ ቅጠል ታሽቶ የታጠበ፣ በወይራ ጢስ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ብርድ ቀናት ይቀመጥና ይረጋል፤ በየዕለቱ የታለበው እየተጨመረበት ሲሞላ ይናጣል። የዕቃው ግድግዳ ራሱ እርሾ ነው፤ ያለፈው እርጎ እዚያ ተለጥፎ ተረኛውን ወተት ይጠብቃል። እርጎ እሳቸው ዘንድ ለቅቤ ሲባል የሚሠራ ነገር ነው። ቅቤው ሲወጣ አሬራው ይቀራል፣ አሬራው ሲሞቅ አይብ ይሆናል፣ ከአይቡ የተጠለለው አጓት ለጥጃ ይሰጣል፤ የሚደፋ የለም። እኛ እርጎውን ከነቅቤው በማንኪያ ስንጨልፍ ሲያዩ ሐዘን ይገባቸዋል። «ቅቤውን በልጅነቱ ቀጠፋችሁት» ይላሉ።

የተከራከርነው በማፍላቱ ነው። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንም የከብት የሳንባ ነቀርሳንም ወደ ሰው እንደሚያሻግር ስነግራቸው ረጋ ብለው ሰሙኝ። «እሱን እየጠጣን ያደግነው ታዲያ ሁላችን ሞተናላ?» አሉ። የሞቱት ለምስክርነት እንደማይጠሩ አውቃለሁ፤ ለአማት ግን እንዲህ ያለ መልስ አይሰጥም። ዝም ብዬ ወተቱን አፈላሁት።

ማፍላቱ ከበሽታው ሌላም ጥቅም አለው። ወተት 85 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ፣ ከኬዝኑ ውጭ ያሉት ፕሮቲኖች ተፈትተው ከኬዝኑ ጋር ይጣበቃሉ፤ እርጎው ይወፍራል፣ ውኃም ቶሎ አይቋጥርም። ስለዚህ ፋብሪካ ያየውን ወተት እንኳ ደግሞ ማሞቅ ያዋጣል። ልጄ ይህን አንብቦ ቴርሞሜትር አመጣ። «ለእርግጠኝነት 100 እናድርሰው» ብሎ ድስቱ አጠገብ ቆመ። 90 አለ፤ 92 አለ፤ እዚያው ቆመ። ወተቱ ገነፈለ፣ ምድጃው ነጭ ለበሰ፣ ቴርሞሜትሩ ፍንክች አላለም። ልጁ የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ ብሎ ሊመልሰው ጫማውን ሲያስር ደረስኩ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ 100 ዲግሪ የፈላ ወተት ከየት ታመጣለች? አዲስ አበባ ላይ ውኃም ወተትም 92 ዲግሪ ግድም ሲደርሱ ይፈላሉ። የከፍተኛ ቦታ ነገር እንዲህ ነው፤ ቶሎ እንፈላለን።

ከፈላ በኋላ እስከ 45፣ ቢበዛ እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ማብረድ ነው። በጣም ትኩስ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል፤ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ባክቴሪያው ሥራ አይጀምርም። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው እጁን በደንብ ታጥቦ ትንሿን ጣት ይከትና እስከ አሥር ይቆጥራል፤ ሳይለበልበው አሥር ከደረሰ ወተቱ ደርሷል። ይህ ልኬት ግን እንደ ጣቱ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከእሳት ጋር የኖሩት አማቴ ጣታቸውን ከትተው አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሊያወጡት ይችላሉ።

የቀረው አጭር ነው። ለ2 ሊትር ወተት 2 የሾርባ ማንኪያ እርሾ በትንሽ ወተት በጥብጦ መጨመር፣ አንዴ ማማሰል፣ መክደን። የመጀመሪያውን እርሾ ከሱቅ የሚያመጣ ሰው ተራውን፣ ስኳር ያልነካውን እርጎ ይግዛ፤ እንጆሪ የተሣለበት አይረባም። እርሾ ሲበዛ እርጎው ይበልጥ ይሰምራል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ቶሎ ይኮመጥጣል እንጂ አይሰምርም።

ከዚህ በኋላ ሙቀቱን ማቆየት ነው። ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ድስቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይተኛል። እኛ ሐምሌ አለብን። ፔርሙዝ ውስጥ የሚጨምሩትን አውቃለሁ፤ እርጎው ደህና ይሆናል፣ ፔርሙዙ ግን ከዚያ ወዲያ ሻይ ሲገባበት ቅር ይለዋል። ለኔ ሁነኛው ቀን እንጀራ የሚጋገርበት ነው። የመጨረሻው እንጀራ ወጥቶ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ሸክላው ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ኃይሉ ሲበርድለት ድስቱን በጋቢ ጠቅልሎ እሱ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጋቢው የኔ ነው። እርጎው ጋቢዬን ለብሶ ምጣድ ሲሞቅ፣ እኔ በነጠላ ተጠቅልዬ ዜና አያለሁ።

አማቴ ጋቢውን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። «አራስ ቤት ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእርጎው ደንብ በሳቸው እጅ ገባ። በር አይላተምም፣ ጩኸት አይበዛም፣ ዓይኑ የማይታመን ሰው ወጥ ቤት አያልፍም። ሥራዬን ያቃለለልኝ ይህ ነው። ፒኤች ብዬ ስነግረው ያልሰማኝ ልጅ «ዓይን ይበላዋል» ሲባል እጁን ሰበሰበ። ጣት ትከት የነበረችውም ሕፃን በወጥ ቤቱ በር በእግር ጣቷ ማለፍ ጀመረች። ባለቤቴ ብቻ አልፎ አልፎ ትወዘውዘዋለች፤ እናቷ ግን ለሷ «እሹሩሩ ነው» ብለው ፈቀዱላት።

ጣጣው የመጣው ከጢሱ ጋር ነው። በወይራ ያልታጠነ ዕቃ አማቴ ዘንድ እንደ ታጠበ አይቆጠርም። እውነታቸውን ነው፤ ጢሱ ከመዓዛው ሌላ የማይፈለጉትን ተዋሕስያን ያዳክማል፣ እርጎውም ቶሎ እንዳይበላሽ ያቆየዋል። የምንኖረው ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ አማቴ ከአገር ቤት ያመጧትን ትንሽ ገንቦ ይዘው በረንዳ ወጡ፤ ከሰል አያያዙ፣ የወይራ ስንጥር ጣል አደረጉበት፣ ገንቦዋን ደፉበት። ጢሱ መጀመሪያ ገንቦዋን ሞላ፣ ከዚያ አምስተኛ ፎቅ ወጣ፣ እዚያ የሚፈልገውን ሲያጣ ወደ ሦስተኛ ተመልሶ የተሰጣ አንሶላ ውስጥ ገባ።

ፈጥኖ የደረሰው ጥበቃው ነው፣ ባልዲ ይዞ። ቀጥሎ የአንሶላዋ ባለቤት መጣች፣ ኩርፊያዋን ይዛ። ሦስተኛዋ ከሁለተኛ ፎቅ ያሉት እናት ናቸው፤ እሳቸው ባልዲም ኩርፊያም አልያዙም፣ እልልታ ሊያሰሙ የደረሱ ነው የሚመስሉት። የወይራ ጢስ ከሴት ልጅ ቤት ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ አራስ የምትታጠነው በሱ ነው። ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አይተው «አንቺ ልጅ! ይህን ሁሉ ወር ከኛ ደብቀሽ?» አሉ። «ኧረ እትዬ፣ የሚታጠነው ዕቃ ነው» ብትላቸው ፈገግ አሉ፣ ዓይን አውጣ ውሸት እንደሰማ ሰው። ወጥ ቤቱን አጮለቁ። ምጣዱ ላይ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር ተጋድሟል። አማቴ ደግሞ ከኋላቸው መጥተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና «ቀስ በሉ፣ ገና መተኛቱ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማስረዳት የሚባል ነገር አልተቻለም። በማግስቱ ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ገበታ ገንፎ መጣ፤ ከሦስተኛ የአጃ ዱቄት፣ ከምድር ቤት ቢጫ የሕፃን ካልሲ። ገንፎውን በእርጎ በላነው፤ ገንፎ ከእርጎ ሌላ ወዳጅ እንደማያስፈልገው እዚህ ላይ ልመስክር። አጃውን አማቴ «የሰው እጅ አይመለስም» ብለው አስቀመጡት። ካልሲውን ባለቤቴ ይዛ ወረደች፤ እስክትመልሰው ድረስ ግን ሕንፃው ስም አውጥቶለት ነበር።

አማቴ ሳይንስ አይጠሉም፤ ውጤቱን ነው የሚጠይቁት። አንድ ማታ የእርጎን ታሪክ አጫወትኳቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ጄኔቭ ከተማ ሕክምና ያጠና የነበረ ስታመን ግሪጎሮቭ የሚባል ወጣት ቡልጋሪያዊ፣ የአገሩን እርጎ በማይክሮስኮፕ መርምሮ ዛሬ በአገሩ ስም የሚጠራውን ባክቴሪያ አገኘ አልኳቸው። «ከእናት አገሩ እርጎ አስመጥቶ?» አሉ። ወደዱት። ቀጥዬ ኢሊያ ሜችኒኮፍን አመጣሁ፤ ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት የሚሠራ፣ በ1908 የኖቤል ሽልማት የተጋራ ሊቅ፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜያቸው የሚረዝመው በኮምጣጣ ወተት ነው ብሎ ራሱም በየቀኑ ይጠጣ የነበረ።

«እሱስ ስንት ዓመት ኖረ?»

«71።»

አማቴ 78 ናቸው። ጥቂት አሰቡና «የዚያ አገር ወተት ውኃ ሳይበዛበት አይቀርም» አሉ።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ኢሳክ ካራሶ የሚባል ነጋዴ በ1919 ባርሴሎና ውስጥ እርጎ ሠርቶ በመድኃኒት ቤት በኩል መሸጥ እንደጀመረ፣ ድርጅቱንም በልጁ በዳንኤል የቁልምጫ ስም ዳኖን እንዳለው ነገርኳቸው። ልጁ ዳንኤል ከአባቱ ተረክቦ እርጎውን ለዓለም ሸጠ፤ በ2009 ሲያርፍ 103 ዓመቱ ነበር።

«አየህ» አሉ አማቴ፤ «የመረመረው 71፣ የሸጠው 103።»

የመሸጥ ነገር ከተነሣ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ «የግሪክ እርጎ» እየተባለ በትንሽ ዕቃ በትልቅ ዋጋ የሚሸጠው ወፍራም እርጎ ምንም ምሥጢር የለውም። እርጎውን ንጹሕ ስስ ጨርቅ ላይ ገልብጦ፣ ጨርቁን ቋጥሮ ማንጠልጠል ነው፤ አጓቱ ጠብ ጠብ ሲል ያመሻል፣ የቀረው ማንኪያ ያቆማል። ቦረናዎች ይህን ብልሃት ከሱፐርማርኬት አልተማሩም፤ ጎርፋ በሚሉት ከቃጫ በተሠራ ዕቃ ውስጥ አጓቱን እያወጡ፣ ትኩስ ወተት እየጨመሩ የሚያበጁት ኢቲቱ ለሳምንታት ይቆያል። የግሪኩን ዋጋ ለአማቴ ነገርኳቸውና ለምን እንደሚወደድ ሲጠይቁኝ «ውኃው ስለወጣለት ነው» አልኳቸው። «እዚህ ውኃ ሲገባበት ይከፈላል፣ እዚያ ውኃ ሲወጣለት ይከፈላል» አሉ፤ «ወተቱን የሚገዛ ማን ነው ታዲያ?»

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ግን ቀን መቁጠሩ ነው። የጾመኛ ቤት እርጎ ያለ ቀን መቁጠሪያ አይሠራም። ሰኞ ማታ የተቀመጠ ማክሰኞ ይበላል፤ ማክሰኞ ማታ የተቀመጠ ረቡዕ ጠዋት አምሮበት ይነሣና ቤተሰቡ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሐሙስ ማታም እንዲሁ ነው። ላሟ አትጾምም፣ ባክቴሪያውም አይጾምም። ረቡዕና ዓርብ በፍሪጅ ይታለፋሉ፤ ሁዳዴ ግን 55 ቀን ነው፤ እርሾ ደግሞ በየሳምንቱ ትኩስ ወተት ካላገኘ ይደክማል። ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት የሚል ምክር አለ፤ ምክሩን የሚሰጡት መብራት የማይጠፋባቸው ናቸው።

ስለዚህ በቅበላ ሳምንት እርሾው ወደ ሐጂያ ቤት ይሄዳል። ሐጂያ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ናቸው፤ ሕንፃው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። አማቴ እርሾውን ብቻውን አይሰዱትም፤ ጋቢዬንም አብረው ይልካሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ለጥየቃ ይሄዳሉ። መቅመስ ስለማይችሉ ያሸታሉ፤ የሚቀምሱት ሐጂያ ናቸው። «እንዴት ነው?» «ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል።» «ቶሎ ከሙቀቱ ያውጡታ።» ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ሲገጥም ቅምሻው ከመግሪብ በኋላ ይሆናል፤ አማቴ አዛኑን እየጠበቁ የሐጂያን ሶፋ ሲያሞቁ ያመሻሉ።

ዘንድሮ በፋሲካ ዋዜማ ሐጂያ እርሾውን መለሱ፤ አንድ ብርጭቆ የሄደው አንድ ድስት ሆኖ መጣ። አማቴ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ የኛ አይደለም።»

«የናንተው ነው እንጂ፣ ሐጂያ ይዋሻሉ?»

«ወይራው የት ሄደ? ጤና አዳም ነው የሚሸተው።»

«ጤና አዳም ጣል አድርጌበታለሁ፤ እኔ ቤት ሲያድግ የኔን ጠባይ ቢይዝ ምን ይገርማል?»

«የወለድኩት እኔ ነኝ!»

«ያጠባሁት እኔ ነኝ፣ 55 ቀን ሙሉ!»

ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፏን ትታ ሁለት ድስት አመጣችና ትክክል አካፈለቻቸው፤ ሁለቱም የሌላዋ በለጠ አሉ። እኔ መሃል ገብቼ ጋቢዬስ ብዬ ጠየቅሁ። ሐጂያ ወደ አማቴ ዞሩ፣ አማቴ ወደ ሐጂያ። «ይህ ሰውዬ» አሉ አማቴ፣ «አራስ ቤት ገብቶ ስለ ልብስ ያወራል።»